ከአልጋ እስከ በር አሥራ አንድ ደቂቃ

ለተከበሩ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቤታችን ባዶ አለመሆኑን በትሕትና ስለማስታወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን ከልብ የመነጨ ምኞት እገልጻለሁ፤ በተለይም ለጉልበቶችዎ። ሰው ለሹም ሲጽፍ ዕድሜና ጤና ብሎ በጅምላ ይመኛል። እኔ ግን ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ከሰው አካል ሁሉ እንደ ጉልበት ያለ የመንግሥት ጉዳይ እንደሌለ ስለተረዳሁ፣ ለቀኙም ለግራውም ለየብቻ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎም ይጽና። የሚያንኳኳ ሰው በመጣ ቁጥር ከወንበርዎ ብድግ ብለው በአምስት ደቂቃ ውስጥ በር ላይ ለመድረስ ያብቃዎ።

ራሴን ባላስተዋውቅ ነውር ነው። በሚመሩት ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ያገለገልኩ የስድሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ ነኝ። እርስዎ ወንበሩን የተረከቡት እኔ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ በአካል አንተዋወቅም፤ ነገር ግን የቆየ ፋይል አስወጥተው ክሩን ሲፈቱ ጥፍርዎ የተሰበረበት ቀን ካለ፣ ያን ቋጠሮ የቋጠርኩት እኔ ነኝና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የምኖረው ከእናቴ ታላቅ እኅት ጋር ነው። አክስቴ ዘጠና አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናቴ ገና በልጅነቴ ስታርፍ አንሥተው ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ ቤቱም የተመዘገበው በእርሳቸው ስም ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋላጅ ነበሩ። ምጥ ቀጠሮ አያውቅምና በራቸው በማንኛውም ሰዓት ይንኳኳ ነበር፤ እርሳቸውም ማንንም ሳይልኩ ራሳቸው ሄደው ይከፍቱ ነበር። «የጨነቀው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የኔን ፊት ነው» ይላሉ። ልማዱ ዛሬም አልለቀቃቸውም፤ በር ሲንኳኳ እኔ አጠገቡ ቆሜ እንኳ «ተይው፣ የኔ ነው» ብለው ይነሣሉ። ዓይናቸው ከስድስት ዓመት ወዲህ ብርሃንንና ጥላን እንጂ ሌላ አይለይም። ሆኖም በዚህ ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር አይደሉም። ኀምሳ ሁለት ዓመት ኖረውበታልና እጃቸው ግድግዳውን፣ እግራቸው ወለሉን ያውቀዋል፤ የኮሪደሩ ግድግዳ እጃቸው በሚያልፍበት መስመር ላይ ቀለሙ ለቆ ለስልሷል። ከዚህ ቤት የሚያስወጧቸው ቀን ግን ዓይነ ስውር ይሆናሉ። ደብዳቤዬ ረዝሞ ቢያሰለችዎ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አንብበው ሌላውን ቢተዉት ቅር አይለኝም።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ «እንግዲህ ዕረፍት ነው» ብለው አጨብጭበው ሸኙኝ። ጡረታ ማለት አለቃ መቀየር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የደም ግፊቱ ኪኒን አለ፤ ከዚያ ገላ ማጠብ፣ ከዚያ እግር ማሸት፣ ከዚያ ጋዜጣ ማንበብ ይከተላል፤ በቤታችን የሐዘን ማስታወቂያ ከርዕሰ አንቀጽ ይቀድማል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራው የቤቱ ነው። ቤቱም እንደ አክስቴ አርጅቷልና አንዱን ሲይዙለት ሌላው ይለቃል፤ ዝናብ ሲመጣ የትኛው ባልዲ የት እንደሚቀመጥ በቃሌ አውቃለሁ። አላማርርም፤ እዬዬም ሲዳላ ነው። ያሳደገ እጅ ሲደክም የሚይዘው እጅ መገኘቱ ደስታዬ ነው፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ የጻፍኩት መሆኑን እንዲያምኑኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በቢሮዎ እንደማይነበብ የማውቅ ሰው ነኝ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር መጀመሪያ ተቆጣጣሪዎን ወደ ቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እኔ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ተቆጣጣሪው መመሪያ ቁጥር ሰባት እንደሚያዘው ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ እንደሚያዘው አምስት ደቂቃ ጠበቀ፣ እንደሚያዘውም «ነዋሪ አልተገኘም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ሄደ። አክስቴ ግን በመጀመሪያው ኳኳታ ከአልጋቸው ተነሥተው ጉዞ ጀምረው ነበር። የሚተኙት በስተኋላ ባለው ክፍል ነው፤ የፊተኛው ክፍል ጣሪያ ከወረደ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ የጥገና ጥያቄያችን በቢሮዎ በሰላም ተኝቷል። ከአልጋቸው እስከ መንገዱ በር የሚፈጅባቸውን ጊዜ ኋላ ላይ በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ከፈቱ። ማንም የለም። በእጃቸው ሲዳስሱ ወረቀት አገኙ። ያዋለዷቸው ልጆች ዛሬም ሠርጋቸው ላይ ይጠሯቸዋልና ወረቀቱ የሠርግ ጥሪ መሰላቸው፤ ደስ ብሏቸው ከሌሎቹ ጥሪዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። ስድስት ቀን ሙሉ «የማን ልጅ ይሆን የሚያገባው?» እያሉ ሲገምቱ ሰነበቱና በሰባተኛው ቀን አንብቢልኝ ብለው ሰጡኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ቀኑ ገና አልተቆረጠም» አልኳቸው። እውነቱን የነገርኳቸው በማግሥቱ ነው።

በሦስት ጉብኝት በሩ ላይ ያልተገኘ ነዋሪ ቤቱ ባዶ ተብሎ ለሌላ እንደሚሰጥ ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከሦስቱ አንዱ በዚህ ሁኔታ ተበላ።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮቶችዎ ብዛት አመሰግናለሁ። መስኮት ቁጥር አንድ ወደ ሦስት ላከኝ፤ ሦስት ወደ ሁለት መለሰኝ። የሐኪም ማስረጃ ይዤ ነበር። የመስኮት ቁጥር ሁለት ሠራተኛ ማስረጃውን ገልብጣ አይታ፣ ወረቀቱ መታመማቸውን እንጂ እዚያ ቤት መኖራቸውን እንደማይናገር፣ ስለዚህም ወይ ራሳቸው መስኮቱ ድረስ እንዲመጡ፣ ወይ በር ላይ እንዲገኙ በትሕትና አስረዳችኝ። መስኮት ቁጥር ሁለት ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። በቃሬዛ ላምጣቸው ወይ ብዬ ብጠይቃት «ቃሬዛ ደረጃው ላይ አይታጠፍም እትዬ፣ ተሞክሯል» አለችኝ። ማን እንደሞከረው ለመጠየቅ አቅም አጣሁ።

ከዚያ ወደ እርስዎ ቢሮ ወጣሁ። በሦስት የተለያዩ ቀናት በርዎን ሦስት ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ አምስት አምስት ደቂቃ ጠብቄያለሁ፤ ጸሐፊዎም ምስክሬ ናት። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ አንድ ቀን ከስብሰባ አልተመለሱም ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለስብሰባ እየተዘጋጁ ነበር። በመመሪያ ቁጥር ሰባት ብንሄድ ኖሮ ያ ወንበር እስካሁን ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያው ስለ ቤት እንጂ ስለ ወንበር አይናገርምና እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፣ የሁለተኛውን ጉብኝት ቀን ቆርጠው ስላሳወቁን ውለታዎ አለብን። ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተባለ። አክስቴ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ፀጉራቸውን አስበጥረው መንገዱ በር ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምሳቸውን እዚያው በሉ። ስምንት ሰዓት ላይ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር ትንሽ ጋደም ይበሉ ብላቸው «ገባ ስል ነው የሚመጡት፣ አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። ደግፌ ሳስገባቸው ጫማው ከእግራቸው አልወልቅ ብሎ በመቀስ ቆረጥኩት።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። አክስቴ ተኝተው ነበር፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪዎ ጨዋ ሰው ነው። ሰላም አለኝ፤ ትናንት መኪና አልነበረም አለኝ፤ ባለስሟ እኔ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አይደለሁም፣ አክስቴ ናቸው፣ ውስጥ ናቸው፣ ግባና እያቸው ስለው፣ መመሪያው በር ላይ ነው የሚለው ብሎ የስልኩን ሰዓት ከፈተ። ዞሬ ስመለከት በኮሪደሩ ጫፍ የክፍላቸው መዝጊያ ተከፍቶ አክስቴ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ልሸከማቸው ሮጥኩ። «ተይኝ፣ አትንኪኝ፣ ትጥይኛለሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሳያስቡት ሲይዟቸው ሚዛናቸው ይጠፋል። ስለዚህ እጆቼን ዘርግቼ፣ ሳልነካቸው፣ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ከፊታቸው ሆንኩ። በሁለተኛው ደቂቃ ብቅ ያለውን ጣውላ ተሻገሩ። በሦስተኛው ደቂቃ ባልዲዎቹ ጋ ደረሱ፤ በእግራቸው ጫፍ ፈልገው አንድ በአንድ አለፏቸው። በአራተኛው ላይ መተንፈስ ስለነበረባቸው ቆሙ። እኔ አንዴ እርሳቸውን፣ አንዴ ስልኩን አያለሁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርገው «እየመጣሁ ነው ልጄ፣ እንዳትሄድ» አሉ። ተቆጣጣሪዎም «እሺ እማማ» አላቸው።

ክቡር ሆይ፣ «እሺ እማማ» ያላቸውን ሴት ነው ከአንድ ደቂቃ በኋላ «አልተገኙም» ብሎ የጻፋቸው። ሲጽፍ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም፤ ይህም ለመልካም ሥነ ምግባሩ ማስረጃ ሆኖ ከግል ማኅደሩ ጋር እንዲያያዝለት እጠይቃለሁ። «ይቅርታ እትዬ፣ አሥራ ሁለት ቤት ይቀረኛል፣ እኔም አለቃ አለብኝ» ብሎ ወደ እኔ አንሾካሽኮ እግሬ አውጪኝ አለ። አክስቴ ግን ጉዟቸውን አላቋረጡም። ስድስት ደቂቃ ተጉዘው በሩ ጋ ደረሱ፤ እጀታውን ያዙ፤ ወደ መንገዱም «በል ደኅና ዋል» አሉ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። መሄዱን እስከዚያ ድረስ አልነገርኳቸውም ነበር።

አራተኛ፣ ይህን ቁጥር ልዘልለው ብዙ ሞክሬያለሁ። መመሪያ ቁጥር ሰባትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ተቆጣጣሪዎቻችን ሻይ ቤት ተቀምጠው «ተገኝተዋል» የሚል ፎርም በደርዘን ይሞሉ ነበር፤ የሞተ ዘመዱን ስም እንደያዘ በቤቱ የሚኖረውም ሰው ጥቂት አልነበረም። ጥሩ መመሪያ ጻፊ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። «ራሱ»፣ «በአካል» እና «በር ላይ» የሚሉትን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ቆንጆ ሆኖልኝ ነበር። አምስት ደቂቃን ያገኘኋት እንዴት መሰለዎት? ከወንበሬ ተነሥቼ እስከ ቢሮዬ በር ሄድኩና ሰዓቴን አየሁ፤ ግማሽ ደቂቃም አልሞላም። ለደካማ ሰው ዐሥር እጥፉ ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጉልበት እንዳለኝ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አክስቴ ናቸው በመስታወት አስገብተው ኮሪደሩ ላይ የሰቀሉልኝ፤ ወደ በር ሲሄዱ እጃቸው ከሥሩ ያልፋል።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ቁናውን የሠራሁት እኔ ሆኜ የሚሰፈሩት እርሳቸው መሆናቸው ነው። አፍሬያለሁ። አክስቴ ይህን አያውቁም፤ ደብዳቤው በጋዜጣ ቢወጣም የማነብላቸው እኔ ስለሆንኩ ይህ ቁጥር ይዘለላል።

አምስተኛ፣ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ለአክስቴ የስፖርት ፍቅር ስላሳደሩባቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ጉብኝት ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ ባሉት ዐሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በማናቸውም ሰዓት እንደሚደረግ የሚገልጸው ደብዳቤዎ እንደደረሰን፣ ዐሥር ቀን ወንበር ላይ መቀመጥ እንደማይችሉ እርሳቸውም ተረድተው ልምምድ ጀመሩ። ጠዋትና ማታ ከአልጋ እስከ በር። እኔ ሰዓት ያዥ ሆንኩ። አሥራ አንዱ ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩሉ ስምንት ሆነ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የገቡ ዕለት እጄን ይዘው «አምስት አትርቅም» አሉኝ፤ እኔም አትርቅም አልኩ። ጨካኝ ነበርኩ።

ቅዳሜ ዕለት ባልዲዎቹ ጋ ወደቁ። አልጮኹም። እዚያው ወለሉ ላይ ሆነው የጠየቁኝ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ነው። ጉልበታቸው የጨቅላ ራስ አክሎ አበጠ። ቤት ድረስ የመጣችው ነርስ አጥንት ስላልተሰበረ አመስግኑ ብላ፣ ለአንድ ወር ከአልጋቸው እስከ ክፍላቸው በር እንጂ ከዚያ አንዲት እርምጃ እንዳይራመዱ አዘዘች። ከነርሷ ትእዛዝና ከእርስዎ ደብዳቤ የቱ እንደሚከበር አክስቴን ብጠይቃቸው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አነጋገራቸው ለእርስዎ ይሁን ለነርሷ አላብራሩም።

እሑድን ሙሉ መመሪያ ቁጥር ሰባትን እንደ ዳዊት ደገምኩት። የገዛ እጄን ጽሑፍ ማታለል ቀላል አልነበረም። በመጨረሻም ፍቺ በሚለው ክፍል፣ «በር ማለት ቤቱ በተመዘገበበት ቀን የነበረውና የቤት ቁጥሩ የተቸነከረበት መዝጊያ ነው» የሚል አገኘሁ። የት መቆም እንዳለበት አይናገርም። መመሪያ ቁጥር አሥራ ሁለትም አዲስ በር መክፈትን ይከለክላል እንጂ የነበረን በር ስለማዛወር አንዳች አላለም፤ እርሱንም የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ዝም ያለበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ደርሶብን ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሰፈራችንን አናጢ አስጠራሁ። ሰዉ ሁሉ ሚስማር ነው የሚለው፤ ቀጭንም ነው፣ ነገርም አያጣምም። የመንገዱን በር ከነማጠፊያው፣ ከነቤት ቁጥሩ አንሥቶ በአክስቴ ክፍል ላይ እንዲገጥመው ስነግረው ለረጅም ጊዜ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ በር እኮ ሰው እንዳይገባ ነው። እናንተ ሰው እንዲገባ ነው የምታነሡት?» አለኝ። ቁርጥ እርሱን ነው አልኩት። ጉበኑ ሁለት ጣት ስለበለጠ ከግድግዳው ትንሽ ፈልፍሎ ከሰዓት በኋላ ገጠመው። አክስቴ በምርኩዝ ተነሥተው ማጠፊያውን፣ እጀታውን፣ ቁጥሩን በእጃቸው አዩ። ኀምሳ ሁለት ዓመት የያዙትን እጀታ አልጋቸው አጠገብ ሲያገኙት እጃቸው እዚያው ላይ ቆየ። ከዚያ ማጠፊያው ይጮኻልና ዘይት ይነካ አሉ። ከአልጋቸው ተነሥተው ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ፈጀባቸው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቤታችን ወደ መንገዱ በር የለውም፤ መጋረጃ ነው የተሰቀለው። ነፋሱም ይገባል፣ አቧራውም ይገባል፣ ትናንት ማታ አንዲት ድመት ሳታንኳኳ ገብታ የባልዲውን ውኃ ጠጥታ ሄዳለች። እኔም ዕቃዬን ሳይሆን አክስቴን እየጠበቅሁ መጋረጃው ሥር ነው የምቀመጠው። ፈርቻለሁ፤ ይህንንም ዐውቃችሁ ግቡ ለማለት ያህል ነው። ተቆጣጣሪዎ በመጣ ጊዜ መጋረጃውን ገልጦ ይግባ፤ ኮሪደሩ ለእርሱ ሃያ እርምጃ ነው። ጨለማ ስለሆነ እጁን ግድግዳው ላይ ያኑር። ብቅ ያለውን ጣውላ ይጠንቀቅ። በሩ ጋ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ያንኳኳ። ከዚያ ሰዓቱን ቢፈልግ ይክፈተው። የሚከፍቱለት በስማቸው ቤቱ የተመዘገበላቸው ሴት ናቸው፤ ራሳቸው፣ በአካል፣ በር ላይ። ይህ ካልበቃ መመሪያውን ያሻሽሉት፤ ማሻሻያውን ለመጻፍ ልምድ ያለው ሰው ከፈለጉ አድራሻዬን ያውቁታል።

በጽሑፌ መሐል ያስቀየምኩዎት ነገር ቢኖር ከዕድሜዬ ሳይሆን ከእውነትነቱ ቆጥረው እንዲታገሡኝ እየለመንኩ፣ ጉዳያችንን በጽሞና ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉልን በድጋሚ አመስግኜ፣ ለመላ ቤተሰብዎ ጣሪያው የማይወርድ፣ ደረጃው የማይበዛ መኖሪያ እመኛለሁ።

ከጥልቅ አክብሮትና ከክፍት ቤት ጋር፣

የጽሕፈት ቤትዎ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣
የመመሪያ ቁጥር ሰባት ጸሐፊ፣
በአሁኑ ጊዜ የአክስቷ ሰዓት ያዥና የመጋረጃ ዘበኛ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር ሁለት
ለሊፍቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክስቴ ከቤታቸው የሚወጣ ወረቀት ሳይነበብላቸው አያሳልፉም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት አነበብኩላቸው። ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው ስዘልል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕፃናትን ጣት ሲቆጥሩ የኖሩ ሴት ናቸውና «አራተኛው የት ሄደ?» አሉኝ። አነበብኩት። ከዚያ በዚህ በጻፍሽው ወረቀት ስንት ሰው ቤቱ ተወሰደበት ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አርባ ሦስት ነው፤ ፋይሎቹን የዘጋሁት እኔ ነኝና ቁጥሩን መፈለግ አላስፈለገኝም። «ከነሱ ስንቱ እየመጣ ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው የኔን በኋላ አድርጊው፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ» አሉ።

በዚሁ መሠረት የማመልከቻዬ ቅደም ተከተል ተለውጧል። ፋይሎቹ ያሉት በመዝገብ ቤቱ ሁለተኛ ክፍል፣ በስተግራ፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ያስወጡልኝ፤ ሰዎቹ ዛሬ የት እንዳሉም ይጻፉልኝ። በሕይወት ያለውን ሁሉ ሄጄ አንኳኳለሁ፤ እስኪከፈትልኝም እቆማለሁ። እኔ የኔን ቁጥር ተናግሬያለሁ፤ ከእኔ በኋላ የተዘጉት ስንት እንደደረሱ ደግሞ እርስዎ ይንገሩን።